በፊደል የቀናሁበት ክረምት

ያኔ የምሠራበት ቢሮ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አንድ የድሮ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው እንጨት ስለሆነ የሚመጣው ማን እንደሆነ ገና በሩን ሳያንኳኳ እናውቃለን። መጀመሪያ ሁለት ነበርን፣ አለቃችንና እኔ። በኋላ እሱ ተጨመረ። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ግን ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የራሴ ነገር ነው።

እሱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ ፕሮግራም ስጽፍ ከርሜአለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ላለ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሆን ነው። በሽተኛ ሲመጣ ስሙን ይመዘግቡበታል፣ የድሮ ካርዱን ይፈልጉበታል፣ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚገባ ይመድቡበታል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ብለን ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ በራሱ መስኮት የሚከፈት አደረግነው። ከወረቀት ክምር ውስጥ ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ፍለጋ እኔ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ አሳጠርኩት። በዚያ ፍለጋ ዛሬም እኮራለሁ። መልኩን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። መስኮቱ ግራጫ ነው፤ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ከራሱ የሚሰጠው ነው፤ ሁሉም አንድ መጠን፣ ሁሉም ጥቁር። የበሽተኛው ስምና ከሥሩ ያለው ተራ ማሳሰቢያ በዓይን አይለዩም።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። የሰው ፊት አይተው የካርድ ቁጥሩን የሚነግሩ፣ ዕድሜያቸውን በመደርደሪያ መሀል ያሳለፉ ሴት ናቸው። ፕሮግራሙን ካስተማርኳቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ላያቸው ብሄድ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ እሳቸው በወረቀት ይጽፋሉ።

“ምነው እትዬ፣ እምቢ አለ እንዴ?” አልኳቸው።

“እሱስ ይሠራል፣ ልጄ። የማልሠራው እኔ ነኝ።” መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። “ትናንት ሁለት ሰዎች አቀያየርኩ። አንዱ ግፊት፣ አንዱ ስኳር። ደግነቱ ሐኪሙ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።”

እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? “እንግዲህ መጠንቀቅ ነው” አልኳቸው። ያቺን መልስ ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

አለቃችን ይህን ሲሰማ አላንገራገረም፤ ሰው ቀጠረ።

እሱ በዕድሜ ከእኔ አምስት ዓመት ያንሳል። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አባቱ ፒያሳ ውስጥ በብሩሽ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፉ የነበሩ ሰሌዳ ጸሐፊ እንደነበሩ፣ የሚሠሩባት ክፍል አካባቢው ሲፈርስ አብራ እንደፈረሰችና ከዚያ ወዲህ ቤት እንደዋሉ አለቃችን አስቀድሞ ነግሮኛል። የመጀመሪያ ቀኑን ከጎኔ ተቀምጦ ፕሮግራሜን አሳየሁት። ፍለጋውን አሳየሁት። አንድ ፊደል ስጽፍ ስሞቹ እንዴት ግር ብለው እንደሚመጡ አሳየሁት። አድንቆ እንዴት እንደሠራሁት እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ።

“መጠኑ ስንት ነው?” አለኝ።

“የምኑ መጠን?”

“የፊደሉ።”

“አሥራ ሁለት መሰለኝ” አልኩ፤ እርግጠኛም አልነበርኩም።

አስፈቅዶኝ ስም መጻፊያው ላይ “በ ቡ ቢ ባ” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ተነሥቶ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ። “እዚህ ሆኜ ቡ የቱ እንደሆነ፣ ቢ የቱ እንደሆነ አይለይልኝም። አንቺስ?”

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። እኔም አልለየሁም።

“የእንግሊዝኛው ፊደል እንዲህ ቢያንስም ይነበባል” አለ። “የእኛ ግን ልዩነቱ ያለው ጎኑ ላይ ወይም እግሩ ላይ በምትቀጠል አንዲት ጭረት ነው። ጭረቷ ከጠፋች ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።”

እትዬ ያቀያየሯቸው ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። አልነገርኩትም።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። እኔ ጽሑፉን ሁሉ መልኩን እየሰጠሁ የጻፍኩት እዚያው በተፈለገበት ቦታ ነበር፤ አንዱን ለመቀየር ሁሉንም ማሰስ ይጠይቃል። እሱ ያንን ሁሉ ነቅሎ አንድ ፋይል ውስጥ ሰበሰበው። ርዕስ፣ ስም፣ ማሳሰቢያ፣ ስሕተት ብሎ አራት ዓይነት ጽሑፍ ለየ። ለእያንዳንዱ የፊደሉን ቅርጽ የሚወስነውን ፎንት፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ከላይና ከታች የሚተውለትን ክፍት ቦታ አንድ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ብቻ ይናገራል፤ መልኩን ከዚያ ይወስዳል። የበሽተኛው ስም ሃያ ሁለት ሆነ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ። ከሳጥኖቹ ጎን ያሉት መጠሪያዎች አነስ ብለው ደብዘዝ አሉ። የሚጻፍበት ሳጥን ሲነካ ጠርዙ ይደምቃል።

“ስሙን ለምን አታወፍረውም?” አልኩት አንድ ቀን፣ ለመተቸት ያህል።

“ጨ ሲወፍር ሆዱ ይሞላል። ጠ ይሁን ጨ ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ በቀለም ለየሁት።”

የመስመሮቹንም ቁመት ጨመረ። የቷና የጿ እግር ከሥሩ ተቆርጦ ይታይ ነበር ለካ። ያንን የተቆረጠ እግር ለአንድ ዓመት ተኩል በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ዓይኔ አልያዘውም።

አዲሱን መልክ ልናሳያቸው ወደ እትዬ ሦስታችንም ሄድን። ፎንቱን በክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ላይ እሱ ራሱ አንድ በአንድ ጫነ፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈተላቸው። እትዬ እንደልማዳቸው ወደ ስክሪኑ ሊጠጉ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉና መሀል ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተመለሱ። ተደግፈው ስሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ ረጋ ብለው፣ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ጀመር። ገጹን ጨረሱ።

“ማነው የሠራው?” አሉ።

አለቃችን ወደ እሱ ጠቆመ። ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። “እጅህ ይባረክ” አሉት። እሱ አፍሮ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ መደርደሪያው ጋ ቆሜአለሁ። እሳቸው የሚያነቧቸውን ስሞች ከመዝገቡ ፈልጎ የሚያመጣው የእኔ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ አንድም ፊደል እዚያ መስኮት ላይ አይወጣም። ይህ ለማንም ትዝ አላለውም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አለቃችን “አሁን ገና ፕሮግራም መሰለ” አለ። ያቺ “ገና” የምትባል ቃል ለብዙ ቀን አብራኝ ተኛች፣ አብራኝ ተነሣች።

ፒያሳ ወርደን እሱና እኔ ባንኮኒው ላይ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ “ለነገሩ ቀለም ነው” አልኩት፣ እየሳቅኩ።

“አዎ፣ ቀለም ነው” አለኝ። ቅር አላለውም። ቅር ቢለው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው እኔን ደስ የማይለኝ ጊዜ ነው። እሱ ምሳ ሲወጣ ፋይሉን እየከፈትኩ ጥፋት እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ መሆኑ ደግሞ ያናድደኛል። አለቃችን ስለ እሱ ሲጠይቀኝ “ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ” እላለሁ፤ አይዘገይም። ክሊኒኩ ስልክ ሲደውል የሚፈለገው እሱ እንደሆነ ከአለቃችን ፊት አነብና ጆሮ ማዳመጫዬን እሰካለሁ።

አንድ ቀን ምሳ በልተን ስንመለስ በጊዮርጊስ በኩል ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ቆመና ቀና ብሎ አየ። ከበሩ በላይ የቆርቆሮ ማስታወቂያ አለ፤ ቀዩ ቀለም በፀሐይ ነጥቷል፣ ፊደሎቹ ግን አንዳቸውም አልተዛነፉም።

“ይሄ የአባቴ ነው” አለ። “እዚህ አካባቢ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ። ልጅ ሆኜ ብሩሹን ከመያዜ በፊት ሁለት ዓመት በጣቴ አየር ላይ ነው ያጻፉኝ። ፊደሉን ክንድህ ካላወቀው እጅህ አያውቀውም ይሉኝ ነበር።”

“አሁንስ ይጽፋሉ?”

“እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሠራሁትን በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ እወስድላቸዋለሁ። አንዱን ፊደል ከሌላው አራርቀው ይሉኛል፣ አጠጋጋው ይሉኛል።”

ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ይባባ ነበር። እኔ ግን በአባቱም ቀናሁ። የእኔ አባት ደግ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ ያወረሱኝ የእጅ ሙያ የለም። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ብቻዬን፣ ስሕተት እያነበብኩ ነው። እሱ ሥራ ሲሠራ ከኋላው አንድ ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ ኋላ ማንም የለም።

ክረምቱ መሀል ላይ ክሊኒኩ አምስት ኪሎ ቅርንጫፍ ሊከፍት ተዘጋጀ። እትዬ ካርድ ክፍሉን ለማደራጀት ወደዚያ ተዛወሩ። ኮምፒውተሮቹ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተረፉ አሮጌዎች ናቸው ተባለ። ይህን በሰማሁ ማግስት፣ ሐሙስ ቀን፣ እንደለመድኩት ፋይሉን ከፍቼ ሳነብ የምፈልገውን አገኘሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮዱ ፎንቱን በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ይመጣል። ከሌለ ፕሮግራሙ አይጮህም፣ ስሕተት አይልም፤ ዝም ብሎ ያገኘውን ይተካል። የተተካው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። በዋናው ክሊኒክ ፎንቱን በእጁ ስለጫነው ችግሩ አልታየም፤ ያን ቀን መጫኑንም ረስቶታል። የሚሻለው የፎንቱን ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ማሸግና ሲከፈት ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ነው።

ወንበሩ ከወንበሬ አንድ ክንድ አይርቅም። ዞር ብዬ “ና እስቲ፣ ይህን እየው” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የማንንም ሥራ እንድመረምር የጠየቀኝ የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ማስተካከያውን ጻፍኩና ሞከርኩት፤ ከፎንቱ ጋር ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደከተትኩት ጠንቅቄ አውቃለሁ።

ቅርንጫፉ ሰኞ ጠዋት ተከፈተ። ዝናብ ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ወለሉ ከጫማው ሁሉ ረጥቧል። እሱ ፕሮግራሙን ጫነ፤ እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠበቁ። መስኮቱ ተከፈተ። መጠኑ በቦታው ነው፣ ቀለሙ በቦታው ነው፣ ክፍተቱ በቦታው ነው። ፊደል ግን የለም። ርዕሱ ትልልቅ ሰማያዊ ሳጥኖች፣ መጠሪያዎቹ ደብዛዛ ትንንሽ ሳጥኖች።

ዘጋው፣ ከፈተው። እንደገና ዘጋው፣ ከፈተው።

“ምንድነው ይሄ?” አለ አለቃችን።

“አላውቅም” አለ እሱ። ጆሮው ቀልቷል። “ዓርብ ዕለት… ቢሮ ስንሞክረው ደህና ነበር።”

እኔ በሩ ጋ ቆሜ አያለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ደስታ ነው። እሱ ሲቸገር እያየሁ ደረቴ ቀለለኝ።

እትዬ ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ አዙረው ወረቀት አወጡ። ከፊታቸው አንዲት እናት ሴት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ቆማለች። “ነይ እናት፣ የልጅሽን ስም ንገሪኝ” አሏት። ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም። የልጅቷ ካርድ ያለው ከዋናው ክሊኒክ ተገልብጦ በመጣው መዝገብ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ እናትየዋ የልጇ ሰውነት የትኛውን መድኃኒት እንደማይቀበል በቃሏ አታስታውስም።

አለቃችን ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። “እስቲ ልየው” አልኩ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ፍላሹን አወጣሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፊደሎቹ ሁሉ መስኮቱ ላይ ነበሩ።

“አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር” አለ አለቃችን፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ። ለሁለት ወር ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው።

እሱ ደግሞ ቀርቦ “አመሰግናለሁ። ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር” አለኝ። ከልቡ ነው። ዓይኑን ላየው አልቻልኩም፤ የፍላሹን ክዳን ከመሬት የማነሣ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ሁለቱ ወደ ሐኪሞቹ ክፍል ሲሄዱ እትዬ ሳይዞሩ፣ እየጻፉ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

“ያቺን ነገር ከቢሮ ይዘሻት ነው የመጣሽው?”

“የቷን?”

“ከቦርሳሽ ያወጣሻትን።”

“አዎ” አልኩ።

“እንዲህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር ማለት ነው።”

ቦርሳዬን ዘጋሁት። ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል።

“የልጅቷ ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ ነው” አሉ። “ሃያ ደቂቃ አቆየኋት።” ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠሩ። ለማንም አልተናገሩም፤ እኔንም ሁለተኛ አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ደህና ሆና እንደወጣች ከሰዓት በኋላ ነርሷን ጠይቄ አረጋገጥኩ።

በማግስቱ አለቃችን ሳይመጣ ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩ።

“ሐሙስ ዕለት አይቼው ነበር” አልኩት።

“ምኑን?”

“ፎንቱን። እንደሚጠፋ አውቄ ነበር። ማስተካከያውንም ያን ዕለት ነው የጻፍኩት።”

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“ቀናሁብህ።”

ትልቅ ሰው ይህን ቃል ለሌላ ትልቅ ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ የልጅ ቃል ሆነብኝ።

“በምኔ?” አለ። ያልገባው ይመስል ነበር፤ አልገባውምም።

“በፊደሎቹ። እትዬ ሲስሙህ። በአባትህም።”

ወደ ስክሪኑ ዞረ። “እኔ እዚህ የመጣሁት አንቺ የሠራሽውን ሰው እንዲያነበው ነው” አለ። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ፤ የእንጨቱን ደረጃ ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ሰማሁት። ከምሳ በፊት ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እንዲለኝም አልጠበቅኩም። ለአለቃችን አልነገረም። ለሳምንታት ከሥራ ውጪ አልተነጋገርንም፣ ማኪያቶውንም ለየብቻ ነበር የምንጠጣው። አንድ ነገር ግን ጀመረ። ማንኛውንም ሥራ ከማስረከቡ በፊት ወደ እኔ ዞሮ “የምታውቂው ነገር አለ?” ይለኛል። አሽሙር አልነበረበትም። እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ መልስ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን ለይስሙላ አየት አድርጌ “የለም” እለው ነበር። ቀስ በቀስ የምር መመልከት ጀመርኩ። ይህ ስም ረጅም ሲሆን ከሳጥኑ ይወጣል እለዋለሁ። ይህ ቀለም ስክሪኑ አሮጌ ሲሆን ይጠፋል እለዋለሁ። እሱም ይጽፋል፣ ያስተካክላል። እኔም በተራዬ ስለ ፊደል ያለውን ሁሉ ሳላፍር መጠየቅ ቻልኩ፤ መስመር ከመስመር ምን ያህል ይራቅ፣ ሁለት ነጥብ ከቃሉ ምን ያህል ይጠጋ፣ ቁጥርና ፊደል ጎን ለጎን ሲቆሙ የቱ ዝቅ ይበል።

በዓመቱ ሌላ ድርጅት የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ፋይሉን ለእኔ ተወልኝ። አሁን የምሠራቸው መስኮቶች ይነበባሉ፤ የሚያማርር ሰው የለም። የእሱን ያህል አያምሩም፣ ይህን ለማወቅ የማንም ምስክርነት አያስፈልገኝም።

ባለፈው ወር የአንድ አዲስ ፕሮግራም ፎቶ በስልኬ ላከልኝ። “እስቲ እይው” ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ማለፊያ ነው። አረፍ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ርዕሱ ከጽሑፉ የራቀበት ልክ እኔ እጄን ብቆርጥ የማላገኘው ልክ ነው። ያ የድሮው ነገር ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ፎቶውን አጉልቼ ጥፋት ፈለግኩ፤ በደግነት አልነበረም የፈለግኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ አንድ አገኘሁ። ከጠባቡ ሳጥን ውስጥ ረጅሙ ቃል መሀል ላይ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ታች ወርዷል።

ያኔውኑ ደወልኩለት። “ቃሉ ይሰበርብሃል” አልኩት። “የት ጋ?” አለኝ። እየነገርኩት ከፈተው፣ አየው፣ አንድ ሁለት ነገር ሞከረ። ሌላ ስልክ እየጠራብኝ ሳላነሣ፣ አንድ የአማርኛ ቃል የግድ መሰበር ካለበት ከየትኛው ፊደል በኋላ መሰበር እንዳለበት ስንከራከር ቆየን። አልተስማማንም።